የውስጥ ዲስኮች ቁጥር አሰጣጥ

የውስጥ ዲስኮች ቁጥር አሰጣጥ ማለት ከአንድ በላይ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ የተገጠመለት ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ዲስክ ከሌላው ለይቶ ለመጥራት ቁጥር፣ ፊደል ወይም ስም የሚሰጥበት አሠራር ነው። መጠሪያው ከአንድ ቦታ ብቻ አይመጣም። ማዘርቦርዱ ለመሰኪያዎቹ፣ ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ላገኛቸው ዲስኮች፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ ለራሱ ሥራ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጣሉ። በዚህም ምክንያት አንድ ዲስክ በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት መጠሪያ ሊኖረው ይችላል፤ መጠሪያዎቹም እርስ በርስ የግድ አይገጣጠሙም።

የቁጥሩ ነገር በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ብዙም አይታወቅም። ጎልቶ የሚወጣው ዲስክ ፎርማት ሲደረግ፣ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጫን፣ ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ወይም የተበላሸ ዲስክ ተነቅሎ ሲወጣ ነው። በእነዚህ ጊዜያት «ዲስክ 0»ን ከ«ዲስክ 1» ማምታታት የዓመታት ሰነድና ፎቶግራፍ ሊያጠፋ ይችላል።

ታሪክ

ዲስክን በፊደል መጥራት ከግል ኮምፒዩተር በፊት የነበረ ልማድ ነው። በ1960ዎቹ በአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ይሠራ የነበረው ሲኤምኤስ የተባለው ሲስተም ዲስኮችን በፊደል ይለይ ነበር። ጋሪ ኪልዳል በ1974 የሠራው ሲፒ/ኤም ይህንኑ ልማድ ወደ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች አመጣው፤ በ1981 የወጣው የማይክሮሶፍት ዶስም ከሲፒ/ኤም ወረሰው።

በ1981 ገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው የአይቢኤም ግል ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። የሚገጠምለት አንድ ወይም ሁለት የፍሎፒ ማጫወቻ ነበር፤ «ኤ» እና «ቢ» የተባሉትም እነዚህ ናቸው። አንድ ፍሎፒ ብቻ ባለው ኮምፒዩተር ላይም ቢሆን ዶስ ሁለቱንም ፊደላት ለዚያው ማጫወቻ ይሰጥና ተጠቃሚው ዲስኬቱን እንዲቀይር ይጠይቅ ነበር። በ1983 የወጣው ኤክስቲ የተባለው ሞዴል 10 ሜጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ ቀጣዩ ያልተያዘ ፊደል «ሲ» ነበር። ፍሎፒ ከጠፋ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም ዊንዶውስ ዛሬም የተጫነበትን ቦታ «ሲ» ብሎ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው።

በኬብልና በመሰኪያ የሚወሰን ቁጥር

ዲስክ መጀመሪያ የሚለየው ከማዘርቦርዱ ጋር በተገናኘበት መንገድ ነው። ይህም እንደ ግንኙነቱ ዓይነት ይለያያል።

አይዲኢ። በ1980ዎቹ አጋማሽ መጥቶ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ በስፋት ያገለገለው አይዲኢ በሰፊ ጠፍጣፋ ኬብል ይሠራል። በአንድ ኬብል ላይ ሁለት ዲስክ ሊሰካ ይችላል። የተለመደው ማዘርቦርድ «ፕራይመሪ» እና «ሰከንደሪ» የተባሉ ሁለት መሰኪያዎች ስለነበሩት በጠቅላላው አራት መሣሪያ መግጠም ይቻል ነበር። በአንድ ኬብል ላይ ያሉት ሁለት ዲስኮች «ማስተር» እና «ስሌቭ» ተብለው የሚለዩት ጃምፐር በምትባል ትንሽ የማገናኛ ቆብ ነው። ስሙ አለቃና ሎሌ ቢያስመስላቸውም በመሠረቱ የ0 እና የ1 ቁጥር መስጫ ብቻ ነው። ሁለቱም ዲስኮች «ማስተር» ከተደረጉ ኮምፒዩተሩ አንዱን ወይም ሁለቱንም ማየት ያቅተዋል። «ኬብል ሰሌክት» በሚባለው አሠራር ደግሞ ቁጥሩን የሚወስነው ዲስኩ በኬብሉ ላይ የተሰካበት ቦታ ነው፤ 80 ሽቦ ባለው ኬብል ላይ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር መሰኪያ ማስተር፣ መሐል ላይ ያለው ግራጫ መሰኪያ ስሌቭ ይሆናል።

ስካዚ። በሰርቨሮችና በድሮ የአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ የተለመደው ስካዚ በአንድ መስመር ላይ ብዙ መሣሪያዎችን ያያይዛል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መታወቂያ ቁጥር አለው፤ በጠባቡ ስካዚ ከ0 እስከ 7፣ በሰፊው ከ0 እስከ 15። አብዛኛውን ጊዜ 7 ቁጥር ለተቆጣጣሪው ካርድ ይተዋል፤ ምክንያቱም በመስመሩ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚህ ቁጥር ነው። ሁለት መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ ይጋጫሉ።

ሳታ። የመጀመሪያው የሳታ ደንብ በ2003 ሲወጣ የማስተርና የስሌቭ ነገር አበቃ። እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ቀጭን ኬብልና የራሱ መሰኪያ አለው። ቁጥሩ የሚጻፈው በማዘርቦርዱ ላይ፣ ከመሰኪያው አጠገብ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ አምራቾች ከ0፣ ሌሎች ከ1 ጀምረው ይቆጥራሉ። ስለዚህ በማዘርቦርድ ላይ «ሳታ 1» የሚለው ጽሑፍ ለአንዱ የመጀመሪያውን፣ ለሌላው ሁለተኛውን መሰኪያ ያመለክታል።

ኤንቪኤምኢ። ኤም.2 በሚባለው መሰኪያ ላይ የሚገጠሙት አብዛኞቹ ፈጣን ኤስኤስዲዎች በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ይሠራሉ። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ መስመሩን ይፈትሽና ላገኘው መሣሪያ ሁሉ የአውቶብስ፣ የመሣሪያና የተግባር ቁጥር ይሰጣል። አዲስ የግራፊክስ ወይም የኔትወርክ ካርድ ሲጨመር የአውቶብሱ ቁጥር ሊሸጋሸግ ይችላል። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ኤም.2 መሰኪያው ከአንድ የሳታ መሰኪያ ጋር መስመር ይጋራል፤ ኤስኤስዲ ሲገጠም ያ የሳታ መሰኪያ ሥራ ያቆማል። አዲስ ኤስኤስዲ ከተገጠመ በኋላ የድሮው ዲስክ «ጠፋ» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የባዮስና የዩኢኤፍአይ ቁጥር

ባዮስ ዲስኮችን የሚጠራው በአንድ ባይት ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 127 ያሉት ቁጥሮች ለፍሎፒ፣ ከ128 በላይ ያሉት ለሃርድ ዲስክ ተመድበዋል። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 128፣ ሁለተኛው 129 እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ 128 የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በባይቱ ውስጥ የላይኛው ቢት 1 ሲሆን «ይህ ሃርድ ዲስክ ነው» ማለት ነው።

ተጠቃሚው በባዮስ ማስተካከያ ገጽ ላይ ኮምፒዩተሩ ከየትኛው ዲስክ ቀድሞ እንዲነሳ ሲመርጥ አብዛኞቹ ባዮሶች የተመረጠውን ዲስክ 128 ያደርጉታል፤ የቀሩትም ይሸጋሸጋሉ። ኬብል ሳይነካ፣ ዊንም ሳይፈታ፣ የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ተለወጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠሩ የማስነሻ ፕሮግራሞች ይህንን ቅደም ተከተል ይከተላሉ። ለምሳሌ ግሩብ የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ዲስክ «ኤችዲ 0» ይለዋል። በቀድሞው ግሩብ ፓርቲሽኖችም ከ0 ይቆጠሩ ነበር፤ በግሩብ 2 ግን ዲስኩ ከ0፣ ፓርቲሽኑ ከ1 ይጀምራል። የቀድሞውን መመሪያ በአዲሱ ላይ የሚጠቀም ሰው የሚሳሳተው በዚህ ልዩነት ነው።

ዩኢኤፍአይ በቁጥር ቅደም ተከተል ላይ ከመመሥረት ይልቅ የሚነሳበትን ፓርቲሽን ልዩ መለያ በማዘርቦርዱ ማስታወሻ ውስጥ ይመዘግባል። ስለዚህ ዲስኩ ወደ ሌላ መሰኪያ ቢዛወርም ብዙውን ጊዜ ሊያገኘው ይችላል።

በዊንዶውስ

ዊንዶውስ ሁለት የተለያዩ መጠሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው ለአካላዊው ዲስክ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ «ዲስክ 0»፣ «ዲስክ 1» እያለ ይቀጥላል። ይህ ቁጥር የሚታየው በዲስክ ማኔጅመንት፣ በዲስክፓርትና በዊንዶውስ መጫኛ ገጽ ላይ ነው። ሁለተኛው ለቮልዩም፣ ማለትም ፎርማት ለተደረገ የዲስክ ክፍል፣ የሚሰጠው ፊደል ነው።

የዲስኩ ቁጥር ዲስኮቹ በተገኙበት ቅደም ተከተል የሚሰጥ ሲሆን ኮምፒዩተሩ በተነሳ ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቀጥል ዋስትና የለውም። «ዲስክ 0» ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ነው የሚለው ግምትም ሁልጊዜ አይሠራም። ኤንቪኤምኢ እና ሳታ ዲስኮች አብረው በተገጠሙበት ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስ «ዲስክ 1» ወይም «ዲስክ 2» ላይ ተጭኖ ማግኘት የተለመደ ነው።

ፊደል ግን በዶስ ዘመንና በዛሬው ዊንዶውስ የሚሰጥበት መንገድ ይለያያል። ዶስ ኮምፒዩተሩ በተነሳ ቁጥር ፊደሎቹን እንደ አዲስ ያድል ነበር። በቅድሚያ ለእያንዳንዱ ዲስክ የመጀመሪያ ዋና ፓርቲሽን ፊደል ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ሎጂካል ለሚባሉት ፓርቲሽኖች ያድላል። አንድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ «ሲ» እና «ዲ» ያለው ሰው ዋና ፓርቲሽን ያለው ሁለተኛ ዲስክ ሲገጥም «ዲ» ወደ አዲሱ ዲስክ ይሄዳል፤ የድሮው «ዲ» ደግሞ «ኢ» ይሆናል። ከ«ዲ» ላይ ይነሱ የነበሩ ፕሮግራሞች ፋይላቸውን ማግኘት ያቅታቸዋል። «ዲ»ን ፎርማት አደርጋለሁ ያለ ሰውም ያላሰበውን ክፍል ሊደመስስ ይችል ነበር።

ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ፊደሎቹ በሬጂስትሪ ውስጥ ይመዘገባሉ። ኤምቢአር በሚባለው አከፋፈል በተከፈለ ዲስክ ላይ ምዝገባው የሚደረገው በዲስኩ ላይ በተጻፈ 4 ባይት ፊርማና ፓርቲሽኑ በሚጀምርበት ቦታ ነው፤ ጂፒቲ በሚባለው ደግሞ በፓርቲሽኑ 128 ቢት መለያ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ከአንዱ የሳታ መሰኪያ ወደ ሌላው ቢዛወር ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል እንጂ ፊደሉ እንዳለ ይቆያል።

ፊደሎቹ 26 ብቻ ናቸው። ከዚያ በላይ ቮልዩም ያለው ሰው ቮልዩሙን ያለ ፊደል በአንድ ፎልደር ውስጥ ማያያዝ ይችላል።

«ሲ» እና «ዲ» ሁለት ዲስክ ናቸውን?

በተጠቃሚዎች ዘንድ በሰፊው የሚሰማው ስሕተት እያንዳንዱ ፊደል አንድ ዲስክ ነው የሚለው ነው። ኮምፒዩተር ሲጠገን አንዱን ዲስክ ለሁለት ከፍሎ ዊንዶውስን «ሲ» ላይ መጫንና ባለቤቱ ፋይሎቹን «ዲ» ላይ እንዲያስቀምጥ ማድረግ የተለመደ ነው። ይህ «ሲ» ፎርማት ሲደረግ ፋይሎቹ እንዲተርፉ ይጠቅማል። ነገር ግን ዲስኩ ራሱ ከተቃጠለ ወይም ከተበላሸ «ሲ» እና «ዲ» አብረው ይጠፋሉ። ከ«ሲ» ወደ «ዲ» የተገለበጠ ፋይል ሁለቱ ፊደሎች በተለያዩ ዲስኮች ላይ ካልሆኑ በስተቀር መጠባበቂያ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ይህን ለማረጋገጥ ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍቶ ሁለቱ ፊደሎች በአንድ የዲስክ ቁጥር ሥር መሆን አለመሆናቸውን ማየት ይበቃል።

በሊኑክስ

ሊኑክስ በቀድሞው ዘመን ለአይዲኢ ዲስኮች የሚሰጠው ስም ከቦታቸው ጋር የተቆራኘ ነበር። የፕራይመሪ ማስተር «ኤችዲኤ»፣ የፕራይመሪ ስሌቭ «ኤችዲቢ»፣ የሰከንደሪ ማስተር «ኤችዲሲ»፣ የሰከንደሪ ስሌቭ «ኤችዲዲ» ይባላሉ። «ኤችዲኤ» ቢነቀል እንኳ «ኤችዲቢ» ስሙን አይለውጥም ነበር።

ለስካዚ፣ በኋላም ለሳታና ለዩኤስቢ ዲስኮች የተሠራበት ስም ግን በቦታ አይወሰንም። መጀመሪያ የተገኘው «ኤስዲኤ»፣ ቀጥሎ የተገኘው «ኤስዲቢ» ይባላል፤ 26ቱ ፊደሎች ሲያልቁ በሁለት ፊደል «ኤስዲኤኤ» ብሎ ይቀጥላል። በዚህ ላይ የፓርቲሽኑ ቁጥር ይጨመርና «ኤስዲኤ1»፣ «ኤስዲኤ2» ይሆናል። የመጀመሪያው ዲስክ ቢነቀል ሁለተኛው በሚቀጥለው ጊዜ «ኤስዲኤ» ሆኖ ይነሳል።

የኤንቪኤምኢ ዲስክ ስም ረዘም ይላል፤ «ኤንቪኤምኢ0ኤን1ፒ2» የሚለው ሲተነተን የተቆጣጣሪው ቁጥር 0፣ የኔምስፔስ ቁጥር 1፣ የፓርቲሽን ቁጥር 2 ማለት ነው። ተቆጣጣሪው ከ0፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከ1 መቆጠራቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በማክኦኤስና በፍሪቢኤስዲ

ማክኦኤስ ዲስኮችን «ዲስክ0»፣ «ዲስክ1» ብሎ ይጠራል፤ የፓርቲሽኑም ቁጥር ከኋላ ይጨመራል። በ2017 ኤፒኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሲስተም ከመጣ ወዲህ ግን አንድ አካላዊ ዲስክ ብቻ ባለበት ማክ ላይም «ዲስክ1» ይታያል። ይህ ሁለተኛ ዲስክ ሳይሆን በ«ዲስክ0» ውስጥ ያለው የኤፒኤፍኤስ መያዣ እንደ ራሱን የቻለ ዲስክ ሆኖ ሲቀርብ ነው። ፍሪቢኤስዲ ደግሞ ለሳታ ዲስኮች «ኤዲኤ0»፣ ለስካዚና ለዩኤስቢ ዲስኮች «ዲኤ0» ብሎ ይጀምራል።

ቁጥሩ ለምን ይለዋወጣል?

ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

- በአንድ ጊዜ መፈተሽ። የዛሬ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ቶሎ ለመነሳት ሲሉ ዲስኮችን ተራ በተራ ሳይሆን በአንድ ላይ ይፈትሻሉ። ቀድሞ የመለሰው ዲስክ ቀዳሚውን ቁጥር ሊይዝ ይችላል። ሳህኑን ማሽከርከር ያለበት ሃርድ ዲስክ ከኤስኤስዲ ዘግይቶ ይመልሳል።
- ዲስክ መጨመር ወይም መንቀል። በመሐል ያለ ዲስክ ሲወጣ ከኋላው ያሉት ወደፊት ይሸጋሸጋሉ።
- ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የተሰካ ፍላሽ። ፍላሽ ዲስክም ቁጥር ስለሚይዝ የውስጥ ዲስኮችን ቁጥር ሊገፋ ይችላል።
- የባዮስ ማስተካከያ መለወጥ። የማስነሻ ቅደም ተከተል ወይም የሳታ ተቆጣጣሪው አሠራር ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል።
- ተጨማሪ የተቆጣጣሪ ካርድ። ሁለት ተቆጣጣሪዎች ባሉበት ኮምፒዩተር የትኛው ቀድሞ እንደሚጫን የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው።

የማይለዋወጡ መለያዎች

ቁጥሩ የማያስተማምን በመሆኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በዲስኩ ላይ ወይም በውስጡ በተጻፉ መለያዎች መጠቀም ጀምረዋል። ከእነዚህም መካከል፦

- የሴሪያል ቁጥር። አምራቹ ለእያንዳንዱ ዲስክ የሚሰጠው ሲሆን በዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀትም ላይ ይገኛል። ፎርማት ቢደረግም አይጠፋም።
- ወርልድ ዋይድ ኔም። በብዙ ዲስኮች ላይ የሚገኝ፣ በዓለም ዙሪያ እንዳይደጋገም ተደርጎ የሚሰጥ ቁጥር ነው።
- ዩዩአይዲ። 128 ቢት ርዝመት ያለው ሲሆን በ32 የሄክሳዴሲማል ምልክቶች ይጻፋል። የፋይል ሲስተሙ ሲፈጠር አብሮ ስለሚፈጠር እንደገና ፎርማት ሲደረግ ይለወጣል።
- ሌብል። ተጠቃሚው ራሱ የሚያወጣው ስም ነው፤ ለማንበብ ቀላል ቢሆንም ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ስም ሊይዙ ይችላሉ።

በሊኑክስ ላይ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የትኛው ፓርቲሽን የት እንደሚያያዝ የሚወስነው ኤፍኤስታብ የተባለው ፋይል ነው። በዚህ ፋይል ውስጥ «ኤስዲቢ1» ብሎ መጻፍ ዲስክ በተጨመረ ጊዜ ኮምፒዩተሩ እንዳይነሳ ሊያደርግ ስለሚችል ዛሬ አብዛኞቹ መጫኛዎች ዩዩአይዲ ይጽፋሉ። በዊንዶውስም ተመሳሳይ ለውጥ ተደርጓል። እስከ ዊንዶውስ ኤክስፒ ድረስ የማስነሻው ፋይል ዲስኩንና ፓርቲሽኑን በቁጥር ይጠራ ነበር፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ግን በዲስኩ ፊርማና በመለያው ሆኗል።

መለያ የሚጋጭበት ጊዜ

ልዩ መለያም ቢሆን አንድ ድክመት አለው። ዲስክ ባይት በባይት ሲገለበጥ መለያውም አብሮ ይገለበጣል። ሰዎች ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ሲሸጋገሩ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ሁለቱ ዲስኮች አብረው ተሰክተው ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ዊንዶውስ አንድ ዓይነት ፊርማ ስለሚያይ አንደኛውን «ኦፍላይን» ያደርገዋል። በሊኑክስ ላይ ደግሞ አንድ ዩዩአይዲ ያላቸው ሁለት ፓርቲሽኖች ሲኖሩ የትኛው እንደሚያያዝ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ባለቤቱ በአዲሱ ላይ የምሠራ መስሎት በአሮጌው ላይ ሲጽፍ ሊከርም ይችላል። ስለዚህ ግልበጣው ሲያልቅ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አሮጌውን ዲስክ መንቀልና በአዲሱ ብቻ አስነስቶ መሞከር ይመከራል።

በሬድ ውስጥ

ብዙ ዲስኮች እንደ አንድ በሚሠሩበት የሬድ አሠራር የቁጥር ስሕተት የከፋ ጉዳት አለው። ሬድ 5 የአንድ ዲስክ ብልሽት ብቻ ይቋቋማል። ከዲስኮቹ አንዱ ተበላሽቶ ሳለ ባለሙያው ቁጥር ተሳስቶ ጤነኛውን ቢነቅል ሁለት ዲስክ እንደጠፋ ስለሚቆጠር ሲስተሙ ይቆማል። ሲስተሙ «ኤስዲሲ ተበላሽቷል» ሲል ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ያለው ዲስክ ነው ማለት አይደለም። በሰርቨሮች ላይ ከእያንዳንዱ ዲስክ ፊት ያለው መብራት እንዲበራ ማዘዝ የሚቻለው ለዚሁ ነው። በሌላ በኩል የሊኑክስ የሶፍትዌር ሬድና ዜድኤፍኤስ በየዲስኩ ላይ የአባልነት ምልክት ስለሚጽፉ ዲስኮቹ ቦታ ቢለዋወጡም ያውቋቸዋል።

ትክክለኛውን ዲስክ መለየት

ዲስክ ከመደምሰስ፣ ፎርማት ከማድረግ ወይም ከመንቀል በፊት በቁጥሩ ብቻ አለመተማመን ጥሩ ነው። የሚከተሉት እርምጃዎች ይጠቅማሉ።

1. መጠኑን ማየት። ዲስኮቹ የተለያየ መጠን ካላቸው ይህ ብቻውን ሊለያቸው ይችላል። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 465 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ምክንያቱም አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ ግን በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥር ነው።
2. ሞዴሉንና ሴሪያል ቁጥሩን ማመሳከር። መጠናቸው እኩል የሆኑ ዲስኮችን በእርግጠኝነት የሚለየው ይህ ነው።
3. በዲስኩ ላይ ያሉትን ፓርቲሽኖችና ፋይሎች መመልከት።
4. የማይነካውን ዲስክ መንቀል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጫን ፋይል ያለበትን ሌላ ዲስክ ለጊዜው ነቅሎ ማቆየት ስሕተትን ከሥሩ ይከላከላል። ይህ የሚደረገው ኮምፒዩተሩ ከጠፋና ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላ ነው።
5. ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ከተነሳ ቁጥሩን እንደገና ማረጋገጥ። ከመጥፋቱ በፊት የተጻፈ ማስታወሻ ከተነሳ በኋላ ላይሠራ ይችላል።

በተለይ በዲስክፓርት ውስጥ «ክሊን» የሚለው ትዕዛዝና በሊኑክስ ላይ «ዲዲ» የተባለው ፕሮግራም ማረጋገጫ ሳይጠይቁ ሥራቸውን ይጀምራሉ። በእነዚህ ላይ የአንድ ቁጥር ወይም የአንድ ፊደል ልዩነት አንድን ዲስክ ባዶ ለማድረግ ይበቃል።

ደግሞ ይዩ

- ሃርድ ዲስክ
- ኤስኤስዲ
- ባዮስ
- ፓርቲሽን
- የፋይል ሲስተም